ጄት ስኪ ላይ ነዳጁን ሲለቁ መሪውም ይለቃል

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት፣ በጁላይ የመጨረሻ ሳምንት፣ ቤተሰቤን ይዤ ለአራት ቀን ኪ ዌስት፣ ፍሎሪዳ ልሄድ አስቤያለሁ። ሁለት ጄት ስኪ ተከራይተን የባሕሩን ዳርቻና በስተምዕራብ ያሉትን ትንንሽ ደሴቶች በራሳችን ብናይ ደስ ይለናል። ባለቤቴ ዋና አትችልም። ወንዱ ልጄ 16፣ ሴቷ 12 ዓመቷ ነው። መስጠሙ ያስፈራናል። ያለ አስጎብኚ መሄድ እንችላለን? ልጆቹስ መንዳት ይፈቀድላቸዋል?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ኪ ዌስት ላይ ለአሥራ አንድ ዓመት ጄት ስኪ (እንደ ሞተር ሳይክል ተቀምጠውበት የሚነዱትን የውሃ ማሽን) ሳስተምርና ጎብኚ ሳስከትል ኖሬያለሁ። የሀገራችን ሰው ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ እርስዎ የጠየቁትን ነው፤ «ብንወድቅስ? ዋና አንችልም እኮ»። ስጋቱ ይገባኛል። ደጋ ተወልዶ፣ ላንጋኖ ዳር እግሩን ብቻ አርሶ የተመለሰ ሰው ባሕር ቢፈራ አያስወቅሰውም። ጄት ስኪ ላይ ግን ሰው በብዛት የሚሞተው ሰጥሞ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ጥናት፣ ከመዝናኛ ጀልባዎች ሁሉ ዋነኛው የሞት ምክንያት መስጠም ያልሆነው ጄት ስኪ ላይ ብቻ ነበር። እዚህ የሚገድለው መመታት ነው፤ ከሌላ ማሽን፣ ከጀልባ፣ ከምሰሶ ጋር መጋጨት። ጄት ስኪ ላይ የሚወጣ ሰው ጃኬት ስለሚለብስ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ከሚመጣበት ማሽን ግን ጃኬት አያድነውም። ያ የሚመጣው ማሽን ደግሞ ብዙ ጊዜ የራሱ ወንድም፣ የራሱ ልጅ ወይም የራሱ አባት የሚነዳው ነው። ስለዚህ መልሴን ከመስጠም ሳይሆን ከማሽኑ ልጀምር።

ጄት ስኪ ከሥሩ የሚመራው ክንፍ የለውም። በሆዱ በኩል ውሃ ይስባል፤ ውስጥ የሚሽከረከረው ኢምፔለር ውሃውን ይገፋውና ከኋላ በጠባብ አፍ ይተፋዋል። ወደፊት የሚሄደው በዚያ ግፊት ነው፤ የሚታጠፈውም በዚያው ነው። መሪውን ወደ ግራ ሲያዞሩ የሚዞረው የኋላው አፍ ነው። አሁን ነዳጅ መስጫውን ለቀቁት እንበል። ውሃው መተፋቱን ያቆማል። የሚተፋ ውሃ ከሌለ መሪውን ወደፈለጉበት ቢጠመዝዙት ማሽኑ አይሰማዎትም፤ ይሄድበት ወደነበረው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል።

መኪና የሚነዳ ሰው ሲደነግጥ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳና መሪ ይጠመዝዛል። ሃያ ዓመት ሙሉ ነፍሱን ያተረፈለት ልማድ ነው። እዚህ ላይ ያው ልማድ ይገለበጥበታል። ከፊትዎ ካለ ነገር ለማምለጥ ነዳጅ እየሰጡ ነው መታጠፍ ያለብዎት። ይህን በቃል መስማትና በእጅ ማወቅ በጣም የተለያዩ ናቸው። ሲ-ዱ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ፍሬን ያላቸው ሞዴሎች አውጥቷል፣ ያማሃም ከዓመታት በኋላ የራሱን ይዞ መጥቷል፤ ግን ለኪራይ የሚቀርበው ብዙው ማሽን ቀለል ያለው ዓይነት ነው። ሲከራዩ «ፍሬን አለው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። አለው ቢሉዎትም እንደሌለው አድርገው ይልመዱት።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ልንገርዎት። ከስድስት ዓመት በፊት አባትና ልጅ፣ የኛው ሰዎች፣ በየራሳቸው ማሽን ሆነው ከኋላዬ ይከተሉኝ ነበር። ልጁ መታጠፊያ ላይ ወደቀ። ምንም አልሆነም፤ ተንሳፍፎ እየሳቀ እጁን ያወዛውዛል። አባት ግን ልጁን ውሃ ውስጥ ሲያየው አንጀቱ አልቻለም፤ በሙሉ ኃይል ወደ እሱ ገሰገሰ። ሲቃረብ ነዳጁን ለቀቀና መሪውን አዞረ። ማሽኑ አልዞረም። የልጁ ትከሻ ተሰበረ። ልጁ ድኗል፤ የአባትየው ጩኸት ግን እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ጠዋት ማብራሪያውን የሰጠሁት በእንግሊዝኛ ነበር፣ በአምስት ደቂቃ፣ ከሌሎች ስምንት ሰዎች ጋር አንድ ላይ። አባትየው ራሱን ነቀነቀልኝ፣ እኔም የገባው መሰለኝ። አንድ ጊዜ ለብቻው በአማርኛ ብደግምለት ኖሮ እያልኩ ይቆጨኛል። ለእርስዎ ይህን ያህል የማብራራውም ከዚያ ቀን የተነሳ ነው።

የወደቀ ሰው ጋ የሚኬደው እንዲህ ነው፦ ከሩቅ ጀምሮ ፍጥነት ቀንሶ፣ ቀጥታ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ጎኑ አነጣጥሮ፣ ጥቂት ሜትር ሲቀር ሞተሩን አጥፍቶ። የወደቀው ሰው በጃኬቱ ላይ ነው፤ አምስት ደቂቃ ቢቆይ ምንም አይሆንም። ሁለት ማሽን ይዘው ሲወጡ በመካከላችሁ ቢያንስ 100 ሜትር ይኑር። ጎን ለጎን እሽቅድምድም፣ አንዱ የሌላውን ሞገድ መዝለል፣ «ውሃ ልርጨው» ብሎ ተጠግቶ መታጠፍ፣ እነዚህን ከቤት ሳትወጡ ለልጅዎ ይከልክሉ። የፍሎሪዳ ሕግም ተጠግቶ ሞገድ መዝለልንና በመጨረሻዋ ሰከንድ መታጠፍን በግዴለሽነት መንዳት ብሎ ይቀጣል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎ። ያለ አስጎብኚ መሄድ ይቻላል ወይ? በሕግ ይቻላል። እኔ ግን የመጀመሪያውን ቀን ያለ አስጎብኚ እንዳይወጡ እለምንዎታለሁ። በኪ ዌስት የታወቀው ጉዞ ደሴቷን ዙሪያውን መዞር ነው፤ 27 ማይል ገደማ ነው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ከወደቡ ወጥተው ሰንሴት ኪንና ዊስቴሪያ ደሴትን በጎን ያልፋሉ፤ የዛካሪ ቴይለርን ምሽግ ከውሃ በኩል ያዩታል፤ ወደ ኩባ 90 ማይል ይላል ተብሎ ሰው የሚሰለፍበትን ባለቀለም የደቡብ ጫፍ ምልክት ከባሕር ሆነው፣ ሰልፍ ሳይዙ ያዩታል፤ ከዚያ በስማዘርስ ዳርቻ አድርገው በካው ኪ መተላለፊያ ወደ ሰሜን ይገባሉ። ያቺ መተላለፊያ ጥልቀት የላትም፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ከፊት ቢኖር ጥሩ ነው። በመንገድዎ ላይ የባሕር ኃይል ይዞታ አለ፤ የጦር መርከብ ካዩ 100 ያርድ ውስጥ መግባት በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው፣ በ500 ያርድ ውስጥ ደግሞ በዝቅተኛ ፍጥነት መሄድ ግዴታ ነው።

በስተምዕራብ ስላሉት ደሴቶች ግን ላሳዝንዎት ነው። ቦካ ግራንዴ ኪ፣ ዉማን ኪ፣ ማርኬሳስ፣ ፎቶአቸው ልብ የሚሰርቀው እነዚያ ሁሉ የኪ ዌስት ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ ክልል ውስጥ ናቸው። መጠለያው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1908 በፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ነው፤ በውሃው ላይ ጄት ስኪ አይፈቀድም። በስተሰሜን ያለው የግሬት ዋይት ሄረን መጠለያም እንዲሁ። ከባድ ነው አይበሉ፤ ምክንያት አለው። እነዚያ ደሴቶች ወፎች የሚዋለዱባቸው፣ ኤሊዎች አሸዋቸው ላይ እንቁላል የሚጥሉባቸው፣ ዙሪያቸውም ጸጥ ያለ ጥልቀት የሌለው ውሃ የሆነ ቦታዎች ናቸው፣ ጄት ስኪ ደግሞ ጀልባ የማይገባበት ሁሉ ይገባል። ኤቨርግሌድስም፣ ቢስኬይንም፣ ድራይ ቶርቱጋስም ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ክልክል ነው። ደሴት ማየት ከፈለጉ አንዱን ቀን ከጄት ስኪው ይልቀቁትና በመርከብ ወደ ድራይ ቶርቱጋስ ይሂዱ። ከኪ ዌስት 70 ማይል ገደማ ነው። ከ16 ሚሊዮን በላይ ጡብ የተሠራውን የጄፈርሰን ምሽግ ያያሉ፤ ባለቤትዎ ደረታቸው ድረስ በሚደርስ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቆመው ዓሣ የሚያዩበት ቦታ ከዚያ የተሻለ አላውቅም። ትኬቱ ቶሎ ያልቃል፣ ከአሁኑ ይቁረጡ።

ስለ ልጆቹ። ፍሎሪዳ ውስጥ ጄት ስኪ ለመንዳት ቢያንስ 14 ዓመት፣ ለመከራየት 18 ዓመት ያስፈልጋል። ስለዚህ ልጅዎ በሕግ መንዳት ይችላል፣ የሚከራዩለት ግን እርስዎ ነዎት፤ አንዳንድ አከራዮች የራሳቸው ከፍ ያለ ዕድሜ ስላላቸው አስቀድመው ይደውሉ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1988 ወዲህ የተወለደ ሁሉ የጀልባ ደህንነት ትምህርት ማስረጃ መያዝ አለበት፤ ልጅዎ ያስፈልገዋል፣ ባለቤትዎም ከዚያ ወዲህ ከተወለዱ ለመንዳት ያስፈልጋቸዋል። ሜሪላንድ መኖርዎ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በሜሪላንድ ሕግ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው የጀልባ ትምህርት ማስረጃ ስለሚያስፈልገው ኮርሱ እዚያው ይገኛል፣ ፍሎሪዳም ይቀበለዋል። ሦስታችሁም ውሰዱት። የባሕር መንገድ ምልክቱን፣ ቀዩ ምልክት ከባሕር ወደ ወደብ ሲመለሱ በቀኝ እንደሚሆን፣ ማን ለማን እንደሚያሳልፍ ቁጭ ብሎ የተማረ ቤተሰብና ማሪናው (የጀልባ ማቆሚያው) ላይ አምስት ደቂቃ የሰማ ቤተሰብ ውሃው ላይ ሲያዩአቸው ወዲያው ይለያሉ።

የ12 ዓመቷ ልጅዎ መንዳት አትችልም። «ከፊቴ አስቀምጬ እጇን እይዝላታለሁ» የሚል አባት በየሳምንቱ ያጋጥመኝ ነበር፤ እሱም አይሆንም። ከፊት የተቀመጠ ልጅ በመሪው ደረቱን ይመታል፣ ሲደነግጥም ነዳጅ መስጫውን ይጨብጣል። ከኋላዎ ትቀመጥ፤ እግሮቿ መርገጫው ላይ ሙሉ በሙሉ ይድረሱ፣ እጆቿ የእርስዎን ጃኬት አጥብቀው ይያዙ። እግሯ ካልደረሰ ለዘንድሮ ይቅር።

አሁን ወደ ባለቤትዎ እንምጣ። ዋና አለመቻል ጄት ስኪ ላይ ከመውጣት አያግዳቸውም፣ ግን ሦስት ነገር ይፈልጋል። መጀመሪያ ጃኬቱ። በአየር የሚነፋው ዓይነት ጄት ስኪ ላይ በሕግ አይፈቀድም፤ ወፍራሙ፣ ራሱ የሚንሳፈፈው መሆን አለበት። ከለበሱት በኋላ እርስዎ ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት፤ እስከ ጆሮአቸው ከወጣ ሰፊ ነው፣ ያስቀይሩት። ሁለተኛ፣ ባሕር ከመውጣታቸው በፊት ጃኬቱን ለብሰው ማሪናው ዳር ውሃ ውስጥ ይግቡ፣ አሥር ደቂቃ ይቆዩ። ፍርሃት የሚያመጣው የመጀመሪያው ደቂቃ ነው፤ ጃኬቱ እንደሚይዛቸው ሰውነታቸው ካወቀ በኋላ ሲወድቁ አይታገሉም። እስኪለምዱት ድረስ እርስዎ አጠገባቸው ይሁኑ። ሦስተኛው መልሶ መውጣት ነው፤ ሰው ይህን አያስበውም። እግር መሬት በማይነካበት ቦታ በክንድ ብቻ ራስን ስቦ ማሽን ላይ መውጣት ጠንካራ ወንድንም ያደክማል። ከኋላ መርገጫ ያለው ማሽን ይጠይቁ፤ መርገጫው ወደ ውሃ ተዘርግቶ እግር ማሳረፊያ ይሆናል። የሚወጣው ሁልጊዜ በኋላ በኩል፣ ሞተሩ ጠፍቶ ነው። ማሽኑ ከተገለበጠ በየትኛው በኩል እንደሚመለስ ከኋላ ቀስት ያለው ምልክት ተለጥፎበታል፤ በሌላ በኩል ከገለበጡት ሞተሩ ውስጥ ውሃ ይገባል።

ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ላይ ሌላ አደጋ አለ፤ ብዙ አከራይ አፍሮ አይናገረውም። ነዳጅ በድንገት ሲሰጡ የኋለኛው ሰው ወደ ኋላ ወድቆ የሚተፋው ውሃ ላይ በቁመቱ ሊያርፍ ይችላል። ያ ውሃ ተራ የዋና ልብስን አልፎ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ከባድ የውስጥ ጉዳት ያደርሳል፤ ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያም ዌትሱት የሚባለውን ወፍራም ሱሪ ልበሱ ይላል። ለባለቤትዎና ለሴት ልጅዎ ይግዙላቸው፤ ቁምጣ የሚሆነውም ይበቃል። ነዳጅ ቀስ አድርገው ይስጡ። ሌላው ደግሞ ሴቶቻችንን የሚመለከት ነው፦ ሻርፕ፣ ነጠላ፣ ረጅም ልቅ ልብስ አይለበስ፤ ረጅም ሹሩባም ተጠቅልሎ ይታሰር። ውሃ የሚስበው የማሽኑ ሆድ ጨርቅም ፀጉርም ይስባል።

የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ነጂው ክንዱ ላይ ወይም ጃኬቱ ላይ ማሰር አለበት፤ ሕጉም ያዛል። ሲወድቅ ሞተሩ ይጠፋል፣ ማሽኑም አጠገቡ ይቆማል። በልጅዎ ማሽን ላይ ይህን በዓይንዎ ሳያዩ አይነሱ።

የመረጡት ሳምንት ግን አያስደስተኝም። በጁላይ መጨረሻ ላይ ያሉት ተከታታይ ረቡዕና ሐሙስ በፍሎሪዳ ለሁለት ቀን ሎብስተር የሚባለውን የባሕር እንስሳ ማጥመድ ለሕዝብ የሚፈቀድባቸው ቀናት ናቸው። ከመላው ፍሎሪዳ ጀልባ እየጎተተ ወደ ኪዎቹ (ኪ ዌስት ወዳለችበት የደሴቶች ሰንሰለት) የሚመጣውን ሰው ካላዩት አያምኑትም። ውሃው ሁሉ ሎብስተር ፈላጊ ጠላቂ ይሞላል። ጠላቂ ያለበት ቦታ ነጭ ሰያፍ መስመር ያለው ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል፤ በ100 ያርድ ውስጥ ሞገድ በማያስነሳ ፍጥነት ብቻ ነው የሚኬደው። ሁሉም ግን ባንዲራውን በሚገባ አይሰቅልም፣ ከውሃ ውስጥ ጭንቅላት ብቅ ሲል ደግሞ ለጀማሪ ነጂ ጊዜ አይሰጥም። ከአንድ ሳምንት በፊት ይምጡ። ፍልሰታ የሚገባው ኦገስት 7 ስለሆነ ጊዜ አለዎት።

ከሁሉ የምወደው ክፍል ደግሞ ውሃውን ማንበብ ነው። የኪዎቹ ውሃ ገጹ ጸጥ ያለ፣ ታቹ የሚታይ፣ የሚያባብል ነው፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ያሉት አባቶቻችን እዚህ ቢመጡ ይህንኑ ይደግሙት ነበር። ቡናማ ሲያዩ ከሥሩ ሣር ወይም ኮራል ቅርብ አለ፣ አይግቡ። ነጭ ከሆነ አሸዋ ነው፣ ጥልቀቱ ላይኖር ይችላል። አረንጓዴው ለትንሽ ማሽን በአብዛኛው ደህና ነው፣ ሰማያዊው ጥልቅ ነው። ይህ የሚታየው ፀሐይ ከፍ ብላ ወይም ከኋላዎ ስትሆን ነው፤ ፀሐይ ከፊት ዝቅ ካለች ሁሉም እንደ መስታወት ያበራል፣ ቀለሙ ይጠፋል። ነጸብራቅ የሚቆርጥ መነጽር ያድርጉ፣ በገመድ አንገትዎ ላይ ይሰሩት። የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው፤ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ቦታ ላይ ግን ግማሽ ሜትር ብዙ ነው። ጠዋት ያለፉበትን ከሰዓት ላያልፉበት ይችላሉ።

ከማሽኑ ሥር ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ውሃ ከሌለ ሞተር አያስነሱ። ማሽኑ አሸዋና ሣር ይስብና ይታፈናል፤ ከዚያም የከፋው፣ የባሕሩን ሣር ይነቅለዋል። ያ ሣር የትንንሽ ዓሣዎች፣ የሽሪምፑና የኤሊው ቤት ነው፤ ከሥሩ የተነቀለ ቦታ ለመዳን ዓመታት ይፈጅበታል። ከአውሮፕላን ሲታይ ሜዳው ላይ ጠባሳው እንደ ማረሻ ፈር ተሰምሮ ይታያል። ያ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የተጠበቀ ብሔራዊ የባሕር ክልል ነው፣ ቅጣትም አለው፤ እኔ ግን ቅጣቱን ሳይሆን ሣሩን ነው የማስበው። ጥልቀት ወደሌለው ቦታ ሳያውቁ ከገቡ ሞተሩን አጥፍተው፣ ወርደው በእጅዎ እየገፉ ይውጡ። በበጋ ደግሞ ሳርጋሰም የሚባል ቢጫማ ቡናማ አረም በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ይመጣል፤ ዞረውት ይሂዱ። ማሽኑ ከሳበውና ኃይሉ ከቀነሰ፣ ሞተሩን አጥፍተው ገመዱን ሳይነቅሉ እጅዎን ወደ ሥሩ አይስደዱ።

ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ልንገርዎ፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ተነስተው እስከ 6 ሰዓት ይመለሱ። በጁላይ ከሰዓት በኋላ ደመናው ተሰብስቦ መብረቅ ይመጣል፤ ባዶ ባሕር ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ነገር ደግሞ እርስዎ ነዎት። ነጎድጓድ ከሰሙ «ትንሽ እንቆይ» የለም። ነፋሱ በአብዛኛው ከደቡብ ምሥራቅ ስለሚነፍስ የአትላንቲኩ በኩል ይናወጣል፣ የሰሜኑ በኩል ይረጋል፤ ለመጀመሪያ ልምምድ ሰሜኑ ይሻላል። ከነዳጅዎ አንድ ሦስተኛው ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛው ለመመለሻ፣ አንድ ሦስተኛው ለክፉ ቀን ነው። ስልክ ውሃ በማያስገባ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፤ ሬዲዮ የሚሰጥ አከራይ ካለ ይቀበሉ፣ የአደጋ ጥሪው በቻናል 16 ነው። ቢራውን ለማታ ያቆዩት፤ የ0.08 የደም አልኮል ገደብ ውሃ ላይም ይሠራል።

ልምምዱን እንዴት እንደሚያደርጉት ልንገርዎ፤ እዚህ ላይ ሳልደርስ መልሴ አያልቅም። አስጎብኚው ሰፊ፣ ጥልቅ፣ ሰው የሌለበት ቦታ እንዲወስዳችሁ ይጠይቁት። በ20 ማይል ፍጥነት እየሄዱ ነዳጁን ይልቀቁና መሪውን ወደ ቀኝ ያዙሩ። ማሽኑ እንዴት እንደሚያልፍ፣ ምን ያህል ርቆ እንደሚቆም ይዩት። ከዚያ ይድገሙት፤ አሁን ነዳጅ እየሰጡ ይታጠፉ። ልጅዎም አሥር ጊዜ ያድርገው። ጣቱ ሲደነግጥ እንዳይለቅ የሚያስተምረው ይህ ብቻ ነው። አስጎብኚው «ጊዜ የለንም» ካለዎት ሌላ ይፈልጉ።

ከመፈረምዎ በፊት ማሽኑን በአራቱም ጎን፣ ሥሩንም ጨምሮ ፎቶ ያንሱት፤ የቆየ ጭረት የእርስዎ እንዳይባል። የማሽኑን ዓይነትና የምትነሱበትን ማሪና ከነገሩኝ ለመጀመሪያው ጠዋት የሚሆን መስመር፣ የት ፍጥነት እንደሚቀነስና የት መቆም እንደሚቻል ጨምሬ፣ በአማርኛ ጽፌ እልክልዎታለሁ።